እባካችሁ አልበሜን እየሰማችሁ አትተኙ

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ፤ እኔ የእንቅልፍ ኪኒን አይደለሁም። ዘፋኝ ነኝ። ይህን በአፌ ስናገር የሚያዛጋ ሰው ስላጋጠመኝ ነው በጽሑፍ ያደረግሁት። እያነበባችሁ ብታዛጉ እንኳ ቢያንስ አላያችሁም።

የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ሃያ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ በቅርቡ ጡረታ ወጣሁ። የከተማው ግማሽ "ቲቸር" እያለ ቆሞ ሰላም ይለኛል፤ የቀረው ግማሽ ፈተና ስለጣልኩት አይቶ እንዳላየ ያልፈኛል። ሁለቱም ወገኖች ሊሰሙልኝ ይገባል።

ጃዝ ደሴ እንዴት ገባ ትሉ ይሆናል። በከባድ መኪና ነው የገባው። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ሌላው ሾፌር ከወደቡ ሸሚዝና ሽቶ ይዞ ሲመለስ የእኔ አባት ካሴት ይዞ ይመለሳል፤ እናቴም ካሴት አይለበስ፣ አይበላ ብላ ሳምንት ታኮርፋለች። በካሴቱ ላይ አንዲት የባሕር ማዶ ሴት ትዘፍናለች። አትጮኽም። ጆሮዬ ሥር ተቀምጣ ምስጢር የምትነግረኝ ነበር የሚመስለኝ። ከኋላዋ ፒያኖ አለ፤ ከበሮ መቺው ደግሞ ከበሮውን የሚመታው ሳይሆን በመጥረጊያ አቧራውን የሚያራግፍለት ይመስላል። ዘፈኖቹ የእሷ አልነበሩም። ድሮ ለቲያትር መድረክ ተጽፈው፣ ሕዝብ ወዷቸው፣ ከዚያ በኋላ የፈለገ ዘፋኝ ሁሉ እያነሳ በራሱ መንገድ የሚዘፍናቸው የጋራ ዘፈኖች ናቸው። እኔ ቃሉ ሳይገባኝ አብሬያት አለቅስ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እንግሊዝኛ የተማርኩት ያቺ ሴት ምን ሆና እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ጡረታ ስወጣ ጓደኞቼ ዶሮ ማርባት ጀመሩ። እኔ አልበም ላወጣ ወሰንኩ። አሥር ዘፈን፤ አምስቱ ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ግጥማቸውን ራሴ ወደ አማርኛ የመለስኳቸው፤ አምስቱ የእኛው የድሮ የቲያትር ዘፈኖች። ሁሉንም ቀስ ብዬ ልዘፍናቸው። ልብ በሉልኝ፤ ቀስ ማለት ሌላ፣ ማስተኛት ሌላ።

የአልበሙን ስም ያወጣሁት ከሦስተኛው ዘፈን ነው፤ "ጥሪው ደርሶኛል" ይላል። ጥሏት የሄደው ሰው ሠርጉ ላይ የሚጠራት ሴት ታሪክ ነው። ትሄዳለች። ፀጉሯን ተሠርታ ነው የምትሄደው። ትበላለች። ሙሽራይቱን አቅፋ ትስማለች። መጨረሻ ላይ "ወጡ ጨው አንሶታል" ትላለች፤ ሌላ ምንም አትልም። እንግዲህ ፍረዱ። ይህ የሚያስተኛ ታሪክ ነው?

የቀረጽነው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ጉሙ ገብቶ ጉሮሮዬን ይዘጋዋል፤ ወደ ሙቀቱ መውረድ ነበረብኝ። ስቱዲዮው የሙሉጌታ ነው። ሙሉጌታ የቀድሞ ተማሪዬ ሲሆን ስቱዲዮውም አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶንና በፍራሽ ስፖንጅ ተሸፍኗል። ኪቦርድ የሚጫወትልኝ ሰይድ ይባላል፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። በዕረፍት ቀኑ ጣቱን በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይመጣና፣ ያ ብሎን ሲያጠብቅ የሰነበተ ጣት እንደ ላባ ይሆናል። በሰይድ ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም። ቆይ፤ አንድ አለኝ። ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ስቱዲዮው ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል።

"ሙሉጌታ፣ ይህ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?"

"ወፍጮ ነው ቲቸር። አይጨነቁ፣ ማይኩ አይሰማውም።"

ማይኩ ከእኔ ይልቅ የሚሰማው እሱን ነበር። እስኪቆም እንጠብቅ እንዳንል፣ ወፍጮው የሚቆመው መብራት ሲጠፋ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እኛም እንቆማለን። መጨረሻ ላይ ሰይድ ጆሮውን ስፖንጁ ላይ ለጥፎ ቆየና፣ "እትዬ፣ ወላሂ ቅኝት አይስትም" አለኝ። "እሱ ወደ እኛ አይመጣም፤ እኛ ወደ እሱ እንሂድ።"

ሄድን። አሥሩንም ዘፈን ከወፍጮው ድምፅ ጋር አስማማነው። በቆሎ ሲፈጭ ድምፁ ይወፍራል፣ ጤፍ ሲፈጭ ይቀጥናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዘፈን ከመጀመራችን በፊት ሙሉጌታ ብቅ ብሎ "አሁን የሚገባው ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። "ጥሪው ደርሶኛል" የተቀረጸው በማሽላ ነው።

ሙሉጌታ ግን በዚህ አልረካም። ልጁ ሠርግ ሲቀርጽ ነው የኖረው።

"ቲቸር፣ ትንሽ ምት እንጨምርበት። ሰው ትከሻውን የሚነቀንቅበት።"

"ይህ ትከሻ የሚነቀንቁበት ዘፈን አይደለም። የሰው ትከሻ ላይ ተደግፈው የሚሰሙት ነው።"

"ከተደገፉ በኋላስ ምን ያደርጋሉ?"

"ያስባሉ!"

አንገቱን ነቅንቆ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ያን ጊዜ አንድ የሚያውቀው ነገር እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

አልበሙ በቴሌግራም ተለቀቀ፤ ለዘመድ ወዳጅ ደግሞ በፍላሽ አደልኩ። ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። በፒያሳ በኩል ስሄድ እርምጃዬን ቀነስኩ፤ ሰው ሊያደንቀኝ ቢፈልግ በሩጫ እንዳይደክም ብዬ። ሳምንት ሙሉ ማንም ምንም አላለም። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት ብቻ አየት አድርጋኝ "ቲቸር፣ ትንሽ ከሱ እንዴ?" አለችኝ። ባለቤቴን ጠየቅሁት። "በጣም ጥሩ ነው" አለ። የትኛው እንደሆነ ስጠይቀው "አንደኛው" አለኝ። ሁለተኛውስ ስለው ወደ ግቢ ወጣ።

በስምንተኛው ቀን ጎረቤቴ ዘይነባ በሩን ሳታንኳኳ ገባችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዘይነባ ልጇ ሆስፒታል ተረኛ ስለሆነች የልጅ ልጇን ኢክራምን የምታሳድግ ናት። ኢክራም የስምንት ወር ልጅ ስትሆን፣ ለቅሶዋን ቧንቧ ውሃ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

"እህቴ፣ አላህ የልብሽን ይሙላልሽ! አላህ ጉሮሮሽን ይጠብቀው!"

ዓይኔ እንባ ሞላ። በመጨረሻ! "የትኛው ነው የነካሽ?"

"ሦስተኛው! ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኗ ክድን ይላል። አራተኛውን እስከ ዛሬ ሰምታው አታውቅም።"

"ማን?"

"ኢክራም ናት እንጂ ማን ትሆናለች? ያቺ ሠርግ ሄዳ የምትበላዋ ጋ ስትደርሺ እንደ ድንጋይ ነው የምትወድቅ!"

ተቀመጥኩ። ዘይነባ ስታመሰግነኝ ቆየች፤ እኔ የሰማሁት ግን "እንደ ድንጋይ" የምትለውን ብቻ ነው። ያቺ ሴት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ልቧ ደም እየነጠበ፣ ሙሽራ አቅፋ ስማ፣ ኢክራም ትተኛለች!

ሕፃን ናት ብዬ ልለፈው አልኩ። ነገሩ ግን አላለፈኝም። ዘይነባ ለእህቷ ነገረች፤ እህቷ ለጎረቤቷ ነገረች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሴ ላይ የተኛ ሕፃን ሁሉ በእኔ ነበር የተኛው። መንገድ ላይ ልጅ ያዘሉ ሴቶች እያስቆሙ ይመርቁኛል፤ ሲመርቁኝም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ እኔን ሲያዩ ራሱ ሹክሹክታ ይመጣባቸዋል። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ፣ እሱም ተማሪዬ ነበር፣ የደም ግፊት ኪኒኔን ልወስድ ስሄድ፣ "ቲቸር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የእርስዎን ሁለተኛ ዘፈን ነው የማዘው" አለኝ። "ከምግብ በኋላ።"

ከሁሉ የባሰችው ግን አራዳ ላይ ያገኘችኝ ናት። ጨዋ ሴት ናት፤ መንታ ልጆች አሏት። እጄን ያዝ አድርጋ፣ "ቲቸር፣ ቅር እንዳይልዎትና አንድ ነገር ላስቸግርዎት" አለችኝ። "ሰባተኛው ዘፈን መሃል ላይ ድምፅዎን ከፍ ያደርጋሉ።"

"አዎ!" አልኳት፤ ደስ ብሎኝ።

"እሷን ቢያነሷት። ልጆቼ እየባነኑ ነው።"

ያችን ከፍታ ክረምቱን ሙሉ ነው የተለማመድኳት! በጉም፣ በብርድ፣ ዝንጅብል እያኘክሁ! ባለቤቴ አራት ጊዜ "ምን ሆንሽ?" ብሎ ከመታጠቢያ ቤት ሮጦ የወጣባት ከፍታ ናት! "አስብበታለሁ" አልኳትና ሄድኩ። አላሰብኩበትም። ሌላ ነገር ነበር የማስበው፤ ሙሉጌታን። ይህ ሁሉ የመጣው አልበሙ በአግባቡ ስላልተዋወቀ ነው ብዬ ደመደምኩና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ያዝኩ።

ጋቢና ነው የተቀመጥኩት። ሾፌሩ ዓይኑ የቀላ ወፍራም ሰው ነው፤ ከሌሊት ጀምሮ ሲመላለስ የዋለ ይመስላል። ከደሴ እንደ ወጣን ፍላሽ ሰካ። ኪቦርድ ተሰማ። የሰይድ ጣት! ቀጥሎ እኔ።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ሕዝብ እንዴት እንደሚሰማኝ ልይ ብዬ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ሦስት ሴቶች ስለ አንድ ዘመዳቸው ፍቺ ሞቅ አድርገው እያወሩ ነበር። በመጀመሪያው ዘፈን ወሬው ቀዘቀዘ። በሁለተኛው ቆመ። "ጥሪው ደርሶኛል" ሲጀምር አንደኛዋ ጭንቅላቷን ሁለተኛዋ ላይ ጣለች፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋ ላይ፣ ሦስተኛዋ መስኮቱ ላይ። የኋላ ወንበር ላይ አንድ ወታደር አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

ይህን ጊዜ ሐረጎን መውረድ ጀምረናል። ለማታውቁት፣ ሐረጎ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወርድበት ነው፤ በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ተራራ፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። ሾፌሩ አዛጋ። ትንሽ ማዛጋት አልነበረም፤ የኋላ ጥርሱን ቆጥሬለታለሁ።

"ሾፌር፣ ዘፈኑን ዝጋው።"

"ለምን እናቴ? ደስ ይላል እኮ። ሰውነት ያፍታታል።"

"ሰውነትህ እንዲፍታታ አልፈልግም! ዝጋው ብያለሁ!"

ዘጋው። እንቅልፉ ግን አንዴ ገብቷል። ዓይኑ ይከደናል፣ ኩርባ ሲመጣ ይከፈታል፣ ቀጥ ያለው ላይ ደግሞ ይከደናል። ጥግ ይዘህ ቁም ስለው "የት ነው ጥጉ?" አለኝ፤ እሱም እውነቱን ነው። ውሃ ልስጥህ ብለው ማዛጋት ነው የመለሰልኝ። የራሴ ድምፅ የራሴን ነፍስ ገደል ሊከታት ነው!

በዕድሜዬ ሠርግ ላይ ዘፍኜ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ተጠይቄ እምቢ ብያለሁ፤ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ እንኳ እምቢ ብዬ እስከ ዛሬ ተኳርፈናል። እዚያ ሐረጎ ላይ ግን እጄን አጨበጨብኩና ጉሮሮዬን በረገድ አድርጌ የሠርግ ዘፈን ለቀቅሁት። አውራጁም እኔ፣ ተቀባዩም እኔ፣ እልል ባዩም እኔ። ሾፌሩ ባነነ። ሴቶቹ ተደናግጠው ነቁና፣ የነቃ የወሎ ሰው ጭብጨባ ሰምቶ ዝም አይልምና፣ ተቀበሉኝ። ወታደሩ መነሻውን ሳያውቅ ትከሻውን ይነቀንቃል። እስከ ኮምቦልቻ መግቢያ ድረስ እያጨበጨብኩ ወረድኩ። መዳፌ እሳት ሆነ።

ስንወርድ አንዷ ክንዴን ያዘችኝ። "እትዬ፣ ምን ዓይነት ድምፅ ነው ያለዎት! ለምን አልበም አያወጡም?"

"እውነቷን ነው" አለች ጓደኛዋ። "ከዚያች ከምታስተኛዋ ሴትዮ እርስዎ በስንት ጣዕሙ!"

ነጠላዬን ተከናንቤ ሄድኩ። ምን ልበላቸው? እሷም እኔ ነኝ ልበላቸው?

ሙሉጌታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ሰይድም ዕረፍቱ ስለነበር እዚያው አለ። ስገባ ሙሉጌታ ስክሪኑን ሊያጠፋ ሞከረ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ፈተና ላይ ቆሜ የኖርኩ ሴት ነኝና አላመለጠኝም። አልበሜ ነው። ሽፋኑ ላይ የነበረው የሠርግ ጥሪ ይዤ በመስኮት የማየው የእኔ ፎቶ የለም። በቦታው ጨረቃና የተኛች ግልገል አለች። ርእሱም "እሹሩሩ ቁጥር አንድ" ይላል።

"ቁጥር አንድ?" አልኩት።

"ቲቸር፣ ሰው ሁለተኛውን እየጠየቀ ነው..."

"ፎቶዬ የት ሄደ?"

"ልጆቹ ፎቶውን ሲያዩ... እርስዎ ትንሽ የሚቆጡ ይመስላሉ እዚያ ላይ።"

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ መጻፍ ለአስተማሪነቴ አይመጥንም። እንግሊዝኛም ነበረበት። ሰይድ ሊያስታርቅ ብሎ አፉን ከፈተ። "እትዬ፣ አብሽሩ። ምናልባት የሚያስተኛው እርስዎ ላይሆኑ ይችላሉ። ወፍጮው ይሆናል። ዝም ብሎ ሲያጉረመርም ሰው ያደክማል።"

በዚህ ነው ይበልጥ የነደድኩት። ከተማ ሙሉ ሕፃን አስተኝቼ፣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ጥዬ፣ አሁን ደግሞ ምስጋናው የወፍጮ ሊሆን ነው?

"ያለ ወፍጮ እዘፍናለሁ!" አልኩ። "በአዳራሽ! ሰው ፊት! ነቅተው ይሰሙኛል፤ ካልሰሙኝ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም!"

ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ሙሉጌታ ግን አስቀድሞ ስልኩን አንስቶ የአንድ ሆቴል አዳራሽ እየጠየቀ ነበር።

ያገኘው ጊዜ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ፣ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ! በዚያ ሙቀት ዝንብ እንኳ አርፋ ነው የምትውለው። ቢሆንም ተዘጋጀሁ። ለስላሳ ወንበሮቹን አስወጥቼ የፕላስቲክ አስገባሁ። መስኮቶቹን በሙሉ አስከፈትኩ። በር ላይ ለሚገባው ሁሉ ጥቁር ቡና እንዲሰጥ አዘዝኩ፤ ሕፃን ላዘሉትም ጭምር፤ ለእናቶቹ ማለቴ ነው። ሙሉጌታ በበኩሉ ከተማውን ማስታወቂያ ለጠፈበት። ማስታወቂያውን ያየሁት በር ላይ ስደርስ ነው። "ልጆችዎን ይዘው ይምጡ" ይላል።

አዳራሹ ሞላ። ዘይነባ ኢክራምን አዝላ ከደሴ ድረስ መጥታለች፤ የመንታዎቹ እናት ፊት ለፊት ተቀምጣ ገና ሳልጀምር በጣቷ ሰባት ቁጥርን ታሳየኛለች። አንድ ቤተሰብ ብርድ ልብስ ይዞ ገብቷል። ሰው በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል? መልሱን አውቄ ነው የምጠይቀው።

ጀመርኩ። እንደዚያን ቀን ዘፍኜ አላውቅም፤ ይህን ለጉራ አይደለም የምለው። በመጀመሪያው ዘፈን ሕፃናቱ ሄዱ። ይሁን። በሁለተኛው እናቶቹ። በ"ጥሪው ደርሶኛል" የፊተኛው ረድፍ በሙሉ፣ ከነቡናው። ሙሉጌታ የድምፅ ማደባለቂያው ላይ አገጩን አሳረፈ። ሰባተኛው ላይ ሆን ብዬ ያችን ከፍታ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ከፍ አደረግኋት፤ አንዱ መንታ ዓይኑን ገልጦ አየኝና "አንቺ ነሽ እንዴ" እንደ ማለት ያለ ፊት አሳይቶኝ መልሶ ከደነ። ቃል የገባሁላችሁ በሰይድ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው፦ ዘጠነኛው ላይ ኪቦርዱ ሲሳሳብኝ ዞር ብዬ ሳይ፣ ግራ እጁ ይጫወታል፣ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል፤ ሰይድ ራሱም እንደ ቀኝ እጁ ነው።

ማይኩን ልወረውረው ነበር። ያን ጊዜ ነው የኋለኛው ረድፍ ላይ ያለውን ሰው ያየሁት።

ስድሳውን የዘለለ ገበሬ ነው። ሽርጥ አገልድሟል፣ ነጭ ቆብ አድርጓል፣ ፊቱን ግማሽ በፎጣ ጠቅልሏል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያየኛል። እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ ቆጠርኩት። አሥረኛውን ለእሱ ብቻ ዘፈንኩለት። የመጨረሻው ዘፈን ወንድየው በክረምት ጥሏት ሲሄድ ጃንጥላውን ስለ ረሳባት ሴት ነው። በሩ ላይ ጃንጥላውን ይዛ ትቆማለች። ሮጣ ብትሰጠው በቃ ሄደ ማለት ነው፤ ባትሰጠው ይመለስ ይሆናል። ውጭ ይዘንባል። ሰውየው አንዴም ዓይኑን አልነቀለም፤ እንባውም አልቆመም።

ስጨርስ ከመድረኩ ወርጄ በተኙት መሃል እርምጃዬን እየመረጥኩ ወደ እሱ ሄድኩ።

"አባቴ፣ የትኛው ዘፈን ነው ያስለቀሰዎት?"

"መንጋጋዬ ነው እህቴ" አለኝ።

"ምን?"

"ይኸ የግራው። ሦስት ቀኔ ነው፤ ሌት የለ፣ ቀን የለ። ነገ ጠዋት ነው የሚነቅሉልኝ። የወንድሜ ልጅ 'ኮምቦልቻ የምታስተኛ ሴት መጥታለች' ቢለኝ ከደጋን ተነስቼ መጣሁ። ወላሂ ሁሉንም ሰማሁት፤ እንቅልፉ ግን እምቢ አለኝ። አፉ በይኝ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።"

ይቅርታ የሚጠይቀኝ ባለመተኛቱ ነው! ደሜ ፈላ፤ ግን በማን ላይ እንደምቆጣ አጣሁ። ሰው በጥርስ ላይ ይቆጣል? ፊቴን አዙሬ ልሄድ ስል ጠራኝ።

"ያችኛዋ ግን" አለ፣ ፎጣውን እንደ ያዘ። "ጃንጥላ ይዛ የቀረችዋ። ሰጠችው ወይ?"

"ዘፈኑ አይናገርም።"

"እንዴት አይናገርም? ይዘንባል አላልሽም?"

"ይዘንባል።"

አሰበ። ጉንጩን ደገፍ አደረገ። "እኔ ብሆን እሰጠው ነበር" አለ። "ግን አልሮጥም። ቀስ እል ነበር።"

ስንት ዓመት ይህን ዘፈን ስዘፍነው ይህ አልታየኝም ነበር። አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"እስቲ እሷን ድገሚልኝ" አለኝ።

ያለ ማይክ፣ ያለ ኪቦርድ፣ ጆሮው ሥር ደገምኩለት። ቀስ ብዬ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጉንጩን የያዘው እጁ ወደ ጭኑ ወረደ። ሦስተኛው ላይ ግንባሩ ተፈታ። ጃንጥላው ጋ ስደርስ ተኝቶ ነበር፤ እንደ ሌሎቹ አፉን ከፍቶ ሳይሆን፣ ሦስት ቀን የተሸከመውን ነገር አሁን እንዳወረደ ሰው። እኔ ግን ዘፈኑን አላቋረጥኩም፤ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁት፤ ከዚያም ትንሽ ጨመርኩበት።

ልክ ያን ጊዜ፣ በኋላ በር በኩል፣ አስተናጋጇ ሙሉ ትሪ ብርጭቆ ጣለች።

ከወንበሬ ዘለልኩ። "ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ!" ብዬ በሹክሹክታ ጮኽኩባት። "አታይም? ሰው ተኝቷል እኮ!"

በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም።